የንባብ ፕሮግራም ከመግዛትዎ በፊት ናሙናውን እንዴት ይፈትሹ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስተባባሪ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የንባብ ፕሮግራም ሊገዙ ነው። ሦስት አቅራቢዎች የእንግሊዝኛ ፎኒክስ (ፊደልን ከድምፁ ጋር እያገናኙ ማንበብ ማስተማሪያ) ፓኬጅ አቅርበውላቸዋል። አንዱ መጽሐፍና ካርድ ነው፣ አንዱ ታብሌት ላይ የሚሠራ ነው፣ ሦስተኛው ደረጃ የወጣላቸው የታሪክ መጻሕፍት ስብስብ ነው። በአንድ ክፍል 45 ልጅ አለ። ልጆቹ ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ይቆጥራሉ፣ ኤቢሲዲንም ይዘምራሉ፤ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ ግን ቀድመው ያላዩትን አጭር ዓረፍተ ነገር በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ማንበብ አይችሉም። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። የትኛው ይገዛ?

ለጊዜው አንዱንም አይግዙ። ልጆቹ በአማርኛ ማንበብ ካቃታቸው ችግሩን የእንግሊዝኛ ፓኬጅ አይፈታውም። በሚሰሙትና በሚናገሩት ቋንቋ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት ያልቻለ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ከቶ ሊቀለው አይችልም። ከዚህ በታች ያለው መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ አማርኛውን፣ ከዚያ የሦስቱን አቅራቢዎች ናሙና የሚመለከት ነው። ቅደም ተከተሉን ባይለውጡት እመርጣለሁ።

ልጆቹን ለመፈተን አራት ወረቀትና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በመጀመሪያው ወረቀት 100 ፊደላት በ10 መስመር ተዘበራርቀው ይጻፉ፤ ግዕዙም ካዕቡም ሳብዑም ይደባለቅ፣ በገበታው ላይ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ፊደላት ግን ጎን ለጎን አይቀመጡ። ልጁ በአንድ ደቂቃ ስንቱን በትክክል እንደጠራ ይመዝግቡ። አንዱ ላይ ሦስት ሰከንድ ከቆመ ወደሚቀጥለው ያሳልፉት። የመጀመሪያውን መስመር አሥሩንም ከሳተ ፈተናውን እዚያው ያቁሙ፤ ልጅን ማሳቀቅ ጥቅም የለውም። በሁለተኛው ወረቀት 50 የተለመዱ ቃላት ይኑሩ። በሦስተኛው ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት፣ «ሙላቢ»፣ «ተሶኔ»፣ «ገፊሎ» ዓይነት። አራተኛው ከ50 እስከ 60 ቃል ያለው ታሪክ ከአምስት ጥያቄ ጋር ነው። አንድ ልጅ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ከየክፍሉ 12 ልጅ በዕጣ ቢያወጡ የክፍሉን መልክ ያሳይዎታል። መምህሩ ራሱ ልጆቹን እንዲመርጥ አይተዉት፤ ጎበዞቹን ይሰጥዎታል።

የፈጠራ ቃሉ ወረቀት እንደ ቀልድ ሊታይ ይችላል፤ ብዙ የሚናገረው ግን እሱ ነው። «ሰላም»ን በመልኳ የሸመደደ ልጅ «ሙላቢ»ን ሊሸመድድ አይችልም፣ ፊደሉን እየጠራ ማጣመር አለበት። እንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ዓመት ለሚሆናቸው ልጆች በየዓመቱ የሚሰጠው የፎኒክስ ፈተና 40 ቃላት አሉት፤ 20ዎቹ እንዲህ ያሉ የፈጠራ ቃላት ናቸው። ያለፉት ዓመታት ወረቀቶች በአገሩ መንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኙ በኋላ ለእንግሊዝኛው ልኬት ይጠቅሙዎታል።

ውጤቱን እንዲህ ያንብቡት። ፊደሉ ላይ ከወደቁ ችግሩ ሀሁው በዜማ እንጂ በዓይን አለመያዙ ነው። ፊደሉን እየጠሩ ቃሉ ላይ ከወደቁ ማጣመር አልተማሩም። እውነተኛውን ቃል እያነበቡ የፈጠራውን ከሳቱ በመልክ ሸምድደዋል። ሁሉንም አንብበው ጥያቄዎቹን ካልመለሱ የጎደለው የቃላት እውቀት ወይም ፍጥነት ነው፤ እዚህ ላይ ፎኒክስ ቢጨምሩላቸው ገንዘብዎን ያባክናሉ። ብቻዎን እንዳልሆኑ እንዲያውቁ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በስምንት ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር።

አሁን ወደ አማርኛው። እዚህ ላይ የሚገዛ ነገር ጥቂት ነው፣ የሚሠራው ግን ብዙ ነው።

ፊደልን በገበታው ቅደም ተከተል ብቻ ማስቆጠር የሚያመጣውን ጣጣ የቄስ ትምህርት ቤት ቀድሞ ያውቀዋል። የኔታ ሀሁ ካስቆጠሩ በኋላ ወደ ንባብ አያሻግሩም፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያሉ አቡጊዳን ያስቆጥራሉ። ያኔ ዜማው ይፈርሳል፣ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ እየነካ በመልኳ መለየት ግድ ይሆንበታል። ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሀሁ ገባ፣ አቡጊዳ ግን ብዙ ቦታ ውጭ ቀረ። 45 ልጅ በአንድ ድምፅ «ለ ሉ ሊ ላ» ሲል ክፍሉ ያነበበ ይመስላል፤ ከመካከላቸው የሚያነቡት ስንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም።

33ቱን ፊደላት በሰባት ቢያባዙ 231 ነው። ይህን ሁሉ ጨርሶ ወደ ቃል መሄድ ማለት ልጁ ግማሽ ዓመት ያለ ምንም ንባብ ይቀመጣል ማለት ነው። ይልቅ በስድስት ፊደላት ይጀምሩ፦ ለ፣ መ፣ በ፣ ሰ፣ ተ፣ ነ። ከእነዚህ ግዕዙን፣ ራብዑንና ሳድሱን ብቻ ይውሰዱ፤ 18 ፊደል ይሆናል። በእነዚህ 18 ብቻ ላም፣ ሰላም፣ ስም፣ ልብ፣ ማታ፣ በላ፣ ሰማ፣ ሳመ፣ ተልባ፣ ስንት፣ ለምለም፣ ሰነበተ ይነበባሉ። «ለማ ማታ ልብስ ለበሰ።» ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ልጁ ያልተማረው አንድም ፊደል የለበትም። በሳምንት ስድስት ያህል ፊደል ቢሄዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ይህን ያነባል።

ቀጥሎ በእነዚያው ስድስት ፊደላት ላይ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ኃምስና ሳብዕ ይጨመራሉ፤ ቤት፣ ሴት፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ሙሉ፣ ሰኔ ይመጣሉ። ካዕብ ቀኝ ጎኑ መሃል ላይ፣ ሣልስ እግሩ ሥር ሰረዝ ያወጣል፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው። ልጆች ይህን በስድስት ፊደላት ካዩ በሌሎቹ ላይ ራሳቸው ይገምታሉ፣ ስለዚህ ሥራው ይፈጥናል። ሩ እና ሪን የመሰሉት ከዚህ ሕግ ስለሚወጡ ለብቻቸው ይማሩ። ራብዕ፣ ሳድስና ሳብዕ ግን መልካቸው ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ሕግ ከማስተማር አንድ በአንድ ማስለመድ ይሻላል።

ለ እና ሰ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ በአንድ ሳምንት አይግቡ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ስድስቱ ውስጥም ለ እና ሰ አሉ፤ ለ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሰ በሦስተኛው ይምጣ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን በአንድ ጊዜ የሚያስተምር መርሐ ግብር ካጋጠመዎት ወደ ጎን ይበሉት፤ ለአንድ ድምፅ ሦስት መልክ መስጠት ገና ለሚጀምር ልጅ ሸክም ብቻ ነው። አንዱ ይቅደም፣ ሌሎቹ ለንባብ ያህል ከወራት በኋላ ይምጡ። በ1ኛ ክፍል ቃለ ጽሕፈት ላይ «ሠላም» ብሎ ለጻፈ ልጅ ኤክስ አያድርጉበት፤ ድምፁን በትክክል ሰምቶ በትክክል ጽፏል። ጓ፣ ቋ፣ ሟ የመሳሰሉት ጓደኛና ቋንቋ የሚሉት ቃላት ሲመጡ አብረው ይማሩ።

አማርኛ መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓሉም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው፤ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚደረገውም ነው፣ አለቃ የሆነውም። ስለዚህ ልጁ ፊደሉን ሁሉ በትክክል ጠርቶ ቃሉን አላልቶ ወይም አጥብቆ ቢስት የንባብ ስህተት ብለው አይቁጠሩት። ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ እንዲያነበው ያድርጉና «ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ቃሉን በአፉ የሚያውቅ ልጅ ወዲያው ያርመዋል፤ ካላረመው ቃሉን አያውቀውም። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች እዚህ ላይ ይንገዳገዳሉ፣ የሚረዳቸውም የፊደል ልምምድ ሳይሆን ብዙ የሚሰሙት ታሪክ ነው።

የዕለቱ ትምህርት ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል። አምስት ደቂቃ ያለፉት ፊደላት በካርድ ተዘበራርቀው ይጠራሉ። አምስት ደቂቃ አዲሱ ፊደል፣ ድምፁና አጻጻፉ። አሥር ደቂቃ ማጣመር፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ «ሰ» ይጽፋል፣ «ላ» ይጨምራል፣ «ም» ይጨምራል፣ ልጆቹ እያጣመሩ ይጠራሉ፤ ከዚያ አንዱን ፊደል ብቻ ለውጦ ሌላ ቃል ያደርገዋል። ሰባት ደቂቃ ቃለ ጽሕፈት፣ አራት ቃልና አንድ ዓረፍተ ነገር። ቀሪው ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያነቡበት ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ወረቀት ይዞ። ብዙ መምህር ጊዜ ሲያጥረው የሚዘለው ቃለ ጽሕፈቱን ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው ግን እሱ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም 45 ልጅ ባለበት ክፍል ማን እንደገባውና ማን እንደሚያስመስል በጽሑፍ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው ላይ የአቅራቢዎቹን ናሙና ሲመለከቱ ስሙንና ሽፋኑን ይተዉት። የሚያዩት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በዚህ ሳምንት የተማረው ፊደል በዚህ ሳምንት በሚያነበው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል ወይ? የትምህርቱን ሙሉ ቅደም ተከተል በወረቀት ይጠይቁ፣ የትኛው ድምፅ በየትኛው ሳምንት እንደሚገባ። ሊሰጥዎት የማይችል ወይም «መምህሩ ልጆቹን አይቶ ይወስናል» የሚል አቅራቢ ፕሮግራም የለውም፣ መጻሕፍት ነው የሚሸጠው። ከዚያ ለስድስተኛው ሳምንት የተመደበውን የልጆች መጽሐፍ ይክፈቱና የመጀመሪያዎቹን 50 ቃላት አንድ በአንድ ይመርምሩ። እስከዚያ በተማሩት ድምፅ ብቻ የሚነበቡት ስንት ናቸው? ከ40 በታች ከሆኑ ልጁ መሸምደድ ወይም ከሥዕሉ መገመት ነው የሚቀረው፤ መጽሐፉን ይመልሱላቸው።

ደረጃ የወጣላቸው የታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ደረጃቸው የወጣው በዓረፍተ ነገሩ ርዝመትና በድግግሞሹ እንጂ በድምፁ አይደለም፤ «ዝሆን አየሁ፣ ነብር አየሁ፣ ቀጭኔ አየሁ» እያለ ይሄዳል፣ ልጁም ሥዕሉን እያየ ሁሉንም «ያነባል»። ሥዕሉን በእጅዎ ከልለው፣ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ያስነብቡት፤ ያኔ ይታያል። የመምህሩ መምሪያ ውስጥ «ሥዕሉን አይተህ ገምት» ወይም «የመጀመሪያውን ፊደል አይተህ የሚስማማውን ቃል ሞክር» የሚል መመሪያ ካለ ደግሞ ግምትን እንደ ዘዴ እያስተማረ ነው። በአሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ፎኒክስን በግልጽና በቅደም ተከተል ማስተማር ይህን መሰሉን ሥርዓት የለሽ አካሄድ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ይህን ስብስብ ለቤተ መጻሕፍት ቢገዙት አልቃወምም። ማንበብ ለማስተማሪያ ግን አይሆንም።

የታብሌቱን ጉዳይ ሒሳብ ይፍረደው። 10 ታብሌት ይኑር እንበል፣ 45 ልጅ፣ 30 ደቂቃ፤ ለአንድ ልጅ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይደርስም፣ መብራት ካልጠፋ። ልጁ ሲሳሳት ጣቱን እያፈራረቀ እስኪገጥምለት ይነካል እንጂ ድምፁን አያወጣም። በቂ መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ለልምምድ ሊጠቀምበት ይችላል፣ የእርስዎ ግን አይደለም።

የቀረው መጽሐፍና ካርዱ ነው፤ እሱም ይመርመር። በእኛ የግል ትምህርት ቤቶች የሚታወቀው ጆሊ ፎኒክስ 42 ድምፆችን በሰባት ምድብ ከፍሎ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ምድብ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ እና ኤን ነው፣ ምክንያቱም በእነዚህ ስድስት ፊደላት ወዲያው ብዙ አጫጭር ቃላት ይሠራሉ። ከኤ እስከ ዜድ በተርታ የሚሄድ መጽሐፍ ይህን ጥቅም ያጣል። ምልክቶቹንና መዝሙሮቹን ልጆች ይወዷቸዋል፤ ብዙ ክፍሎች ግን መዝሙሩ ላይ ይቀራሉ፣ ማጣመርና ቃለ ጽሕፈት ላይ አይደርሱም። ካርድና ፖስተሩ በተማሩት ድምፅ ብቻ የሚነበቡ መጻሕፍት ሳይኖሩት ከመጣ ግማሽ ዕቃ ነው የገዙት። ለማነጻጸሪያ፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ዩፍሊ ፋውንዴሽንስ 128 ትምህርቶች ያሉት አንድ የመምህር መጽሐፍ ነው፤ ስላይዶቹና የንባብ ምንባቦቹ በነፃ ይወርዳሉ። ማተሚያና ወረቀት ያለው ትምህርት ቤት ከአቅራቢው ጋር ከመዋዋሉ በፊት ይህን ማየት አለበት።

ከውጭ የመጣ ፓኬጅ ግን በአብዛኛው የተሠራው እንግሊዝኛ እየተናገረ ትምህርት ቤት ለሚገባ ልጅ ነው። ያ ልጅ ቃሉን ሲያጣምር «አሃ፣ ይሄማ ድመት ነው» ይላል። የእኛ ልጅ በትክክል አጣምሮ የሚያውቀው ነገር ላይ አይደርስም። ስለዚህ በየሳምንቱ መጽሐፉ ላይ የሚመጡትን ቃላት ቀድመው በአፍ፣ በሥዕልና በእንቅስቃሴ ያስተምሩ። በሳምንት ከስምንት እስከ አሥር ቃል ይበቃል።

የእኛን ክፍሎች ለይተው የሚያጠቁ ሦስት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ መምህሩ የእንግሊዝኛውን ድምፅ በሳድስ ፊደል ይጠራዋል፤ «ብእ፣ ክእ፣ ትእ» ይላል። ልጁ «ክእ፣ አ፣ ትእ» ብሎ ሲያጣምር «ክአትእ» እንጂ ቃሉ አይወጣለትም። መድኃኒቱ ሊለጠጡ በሚችሉ ድምፆች መጀመር ነው፤ ምምም፣ ስስስ፣ ፍፍፍ፣ ንንን እያሉ ሳይቆርጡ ወደ ቀጣዩ መንሸራተት። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ከእንግሊዝኛው ቃል ሥር በአማርኛ ፊደል ንባቡን ይጽፋሉ። ያኔ ድመቱም «ካት» ነው፣ መቁረጡም «ካት» ነው፤ መርከቡም በጉም «ሺፕ» ናቸው። እንግሊዝኛ የሚለያቸውን አናባቢዎች የእኛ ፊደል ስለማይለያቸው ልጁ ልዩነቱን መስማት ያቆማል። በእንግሊዝኛ ደብተር ላይ ይህ ፈጽሞ ይከልከል፤ በምትኩ ለእነዚህ ጥንዶችና በቲና ኤች ለሚጻፉት በምላስና በጥርስ መካከል ለሚወጡት ድምፆች ከፕሮግራሙ እጥፍ ጊዜ ይመድቡ። ሦስተኛው፣ ትልልቁን ኤቢሲዲ በስሙ አስቀድሞ ማስተማር ነው። መጽሐፍ የሚጻፈው በትንንሹ ፊደል ነው፣ ቃል የሚነበበውም በድምፁ ነው። ስሙ በኋላ ይደረስበታል። ትንሹ ቢና ትንሹ ዲም ቢያንስ በአንድ ወር ይራራቁ።

ጊዜውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ የ1ኛ ክፍልን የመጀመሪያ መንፈቅ ለአማርኛ ንባብ መስጠት፣ እንግሊዝኛውን በዚያ ጊዜ በአፍ ብቻ ማካሄድ፣ የእንግሊዝኛ ድምፆችን በሁለተኛው መንፈቅ መጀመር ነው። ወላጆች ያጉረመርማሉ፤ ለእንግሊዝኛው ነው የሚከፍሉት። የመጀመሪያውን ፈተና ውጤት ከስምንተኛው ሳምንት ውጤት ጋር አጣምረው ያሳዩዋቸው። ፍጥነትን ሲለኩ ደግሞ በአሜሪካ ሠንጠረዥ አይመሩ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የሃስብሩክና ቲንዳል ሠንጠረዥ በዓመቱ መጨረሻ ለመካከለኛ ተማሪ በደቂቃ 60 ቃል ለ1ኛ፣ 100 ለ2ኛ፣ 112 ለ3ኛ ክፍል ይላል። ይህ ለዚያ አገር ልጅ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአማርኛ ቃል ቅጥያው ብዙ ስለሆነ ረጅም ነው፣ ቁጥሩም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። የራስዎን የመጀመሪያ ልኬት መነሻ ያድርጉት።

ከ3ኛ ክፍል ገና የማያነቡት በክፍሉ ትምህርት ውስጥ አይድኑም። ከአራት እስከ ስድስት ሆነው፣ በእድሜ ሳይሆን በፊደል ፈተናው በወደቁበት ቦታ ይመደቡ፤ በሳምንት አራት ቀን 20 ደቂቃ፣ ከላይ በጻፍኩት ቅደም ተከተል። የሕፃን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አይስጧቸው፤ ያፍራሉ።

ዋጋውን ሲያወዳድሩ የመጀመሪያውን ክፍያ ብቻ አይዩ። በየዓመቱ የሚያልቀውን የመልመጃ ደብተር በልጆቹ ቁጥር ያባዙት፣ የሦስት ዓመቱን ይደምሩ፣ አዲስ መምህር ሲቀጠር ሥልጠናው እንደገና ይከፈልበት እንደሆነ ይጠይቁ፣ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ ማድረግ መፈቀዱን በጽሑፍ ይያዙ። የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ የሚጠፋ አቅራቢ ርካሽ ቢሆን እንኳ መጨረሻው ውድ ነው፤ መምህሩ የሚቸገረው በአራተኛው ሳምንት ነውና ያኔ ክፍል ገብቶ የሚያይለት ሰው እንዲመጣ በውሉ ላይ ያስገቡ። ሁለት የ1ኛ ክፍል ምድቦች ካሉዎት በአንዱ ብቻ ለአንድ መንፈቅ እንዲሞከር ይጠይቁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ምድብ በፈጠራ ቃላቱ ወረቀት የሚፈትነው ደግሞ አቅራቢውም የክፍሉ መምህርም ያልሆነ ሰው ይሁን።